የዶርዜ ቤት ሹራብ ላይ ለምን ያጥራል?

የዶርዜን ቤት በአካል ያላየ ሰው ቢያንስ በፎቶ ያውቀዋል። ቀርከሃ ተሰንጥቆ እንደ ቅርጫት ይታታል፤ ላዩ በእንሰትና በቀርከሃ ቅጠል ይለብሳል። አዲስ ሲሠራ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩት ዝሆን ነው። ወደ ፊት የወጣው መግቢያ ኩምቢው፣ ከፍ ብለው ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ደግሞ ዓይኖቹ ናቸው። ባለፈው ክረምት እኔና እናቴ ይህንን ቤት በአንድ የ4 ዓመት ሕፃን ሹራብ ላይ ለማውጣት ተነሳን። ከ11 ምሽት ሥራ በኋላ የወጣው ግን የዶርዜ ቤት ሳይሆን እንጉዳይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ የምትኖረው ጨንቻ ነው። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ የምትርቀው 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ከፍታዋ ከ2,700 ሜትር ይበልጣል። እኛ እዚህ ሲቀላ በሸሚዝ ላብ ሲያጠምቀን እነሱ እዚያ ጉም ውስጥ ጋቢና ቡሉኮ ደርበው ይቀመጣሉ። «አርባ ምንጭ ተቀምጠህ ስለ ሹራብ ትጽፋለህ?» ብለው ለሳቁብኝ የክፍል ጓደኞቼም መልሴ «እስቲ በሐምሌ ዶርዜ ድረስ ውጡና ተመለሱ» የሚል ነበር።

የእህቴ ልጅ (ማሙሽ እንበለው) መስከረም ላይ መዋዕለ ሕፃናት ሊገባ ነበር። አያቱ ደግሞ «ለመስቀል ስመጣ ቤት ያለበት ሹራብ ይዤልህ እመጣለሁ» ብላ ቃል ገብታለች። መስቀል በጋሞ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ተቀምጦ የሚሸምነው እንኳ አገሩ የሚገባበት በዓል ነው። ስለዚህ ቀኑ አይገፋም።

ሌላም ነገር ነበር። እናቴ ሹራብ የምትሠራው ለልጅ ልጇ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ጎረቤቶች «የማሙሽን አይተን ለልጆቻችን እናሠራለን» ብለዋት ነበር። ልባሽ ሹራብ ገበያው ላይ ሞልቷል፤ በዋጋ ከእሱ ጋር መወዳደር አይቻልም። በእጅ የተሠራው የሚበልጥበት አንዱ ነገር ልጁ የሚያውቀው፣ የእኔ የሚለው ሥዕል ሊኖረው መቻሉ ነው። ሥዕሉ ከተበላሸ እንግዲህ ምን ቀረ?

ሥራውን ተከፋፈልን። እናቴ ሹራብ የተማረችው ድሮ ትምህርት ቤት በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነው። እጇ ፈጣን ነው፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ከመስመርና ከቁርጥራጭ ቅርጽ ያለፈ ሥዕል ሠርታ አታውቅም። ሥዕሉን እኔ ላወጣ ተስማማን። ባለ ካሬ ደብተር ገዝቼ ቤቱን ወደ ጎን 30፣ ወደ ላይ 40 ካሬ አድርጌ ሣልኩት። እውነቱን ለመናገር ቆንጆ ነበር፤ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል አያሳፍርም። ሕጉም ቀላል ነው፤ አንዱ ካሬ በመርፌው ላይ አንድ የክር ቀለበት ነው፣ አንዱ የካሬ መስመር አንድ ረድፍ ነው። እናቴ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ የጨረሰችውን መስመር በእርሳስ እየሰረዘች፣ መብራት ሲጠፋም በሻማ እየቆጠረች ፊቱን ጨረሰች።

ስትዘረጋው ሁለታችንም ዝም አልን። ቤቱ ቁጭ ብሏል። ኩምቢው አፍንጫ፣ ዓይኖቹ የተጨፈኑ መስለዋል። መጀመሪያ የተናገረችው እናቴ ናት፤ «ይሄን ቤት ምስጥ በላው እንዴ?» አለችኝ።

ቀልዱን ለማታውቁት ላስረዳ። የዶርዜ ቤት በየዓመቱ ከሥሩ ምስጥ ስለሚበላው በዕድሜው ልክ እያጠረ ይሄዳል። የተበላው ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ብሎ ኑሮው ይቀጥላል፤ ሲያስፈልግም ሰው ተረዳድቶ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። አሥርት ዓመታት ኖሮ የሚያጥረው ቤት የእኛው ገና ሳይለበስ አጠረ።

ደግነቱ የተሠራው ፊቱ ብቻ ነበር፤ ጀርባውና እጅጌዎቹ ገና አልተነኩም። ይሁን እንጂ መተርተር ግድ ነው። ተተርትሮ የሚመለስ ክር ደግሞ ይጠቀለላል፣ ይጸጉራል፤ በውኃ ነክሮ፣ ወጥሮ ማድረቅ ይፈልጋል። ለመስቀል የቀረን 24 ቀን ነው።

ስህተቱ የማን ነው? እናቴ የቆጠረችው አንድም አልተሳሳተም፤ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ አረጋግጫለሁ። 30 ቀለበት፣ 40 ረድፍ፣ ልክ እንደ ሥዕሉ። መልሱን ያገኘሁት ከጎረቤታችን ነው። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን በሙሉ ሸማኔ የነበሩ የዶርዜ ሰው ናቸው። ሹራቡንና ደብተሩን ጎን ለጎን አይተው «አንተ ልጅ፣ የቆጠርከው ወረቀቱን ነው ወይስ ክሩን?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ያው አይደል እንዴ?» አልኳቸው።

ያው እንዳልሆነ በራሳቸው ሥራ አሳዩኝ። ጥለት ሲሠራ ስፋቱን የሚወስነው ድሩ ነው፤ ቁመቱን የሚወስነው ግን ማጉ ስንት ጊዜ እንደተወረወረና ምን ያህል ተጠብቆ እንደተመታ ነው። ጠበቅ ተደርጎ ከተመታ ያው ቁጥር ያለው ውርወራ አጭር ጥለት ይሰጣል፤ ላላ ካለ ይረዝማል። ስለዚህ ሸማኔ አዲስ ጥለት ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ሠርቶ በጣቱ ይለካል። ወረቀት የሚባል ነገር የለም፤ ልኩ ያለው ጨርቁ ላይ ነው። እኔ የጋሞ ልጅ ሆኜ፣ ሽመና ደጃፌ ላይ እያለ፣ ይህንን አለማወቄ ገርሞኛል። (ወንድ ልጅ ሹራብ ውስጥ ምን አገባው ለምትሉም፣ በእኛ አገር ፈትሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ ሥራ ስለሆነ ወንድ ክር ቢቆጥር ነውር የለበትም።)

እንግዲህ የሹራብ ቀለበት ካሬ አይደለም። ፊቱ ለስላሳ በሆነው በተለመደው አሠራር የእያንዳንዱ ቀለበት ስፋት ከቁመቱ ይበልጣል። እንደ ተጋደመ ጡብ አስቡት። የደብተሩ ካሬ ግን ወደ ጎንም ወደ ላይም እኩል ነው። ካሬውን በጡብ ስትተኩት ሥዕሉ ወደ ታች ይጨፈለቃል። የኅትመት ገጽ ንድፍ የተማራችሁ ጓደኞቼ ታውቁታላችሁ፤ ፎቶ በጎኑ ብቻ ሲለጠጥ ቀጭኑ ሰውዬ ይወፍራል። ይህም እንደዚያው ነው።

ምን ያህል እንደሚጨፈለቅ ለማወቅ ናሙና መሥራት ያስፈልጋል። እናቴ ናሙና የሚባለውን አትወድም፤ «ክር ማባከን ነው» ትላለች። 11 ምሽት ከማባከን አይበልጥም ብዬ አሳመንኳት። በዚያው ክርና በዚያው መርፌ 33 ቀለበትና 45 ረድፍ ያለው ቁራጭ ሠራች። አጠብነው፤ ሳንለጥጠው አስተኝተን አደረቅነው። ከዚያ ጠርዙን ትተን መሀሉ ላይ ማስመሪያ አስቀመጥን። ጠርዙ ስለሚጠቀለል ልክ አይሰጥም። በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ወደ ጎን 22 ቀለበት፣ ወደ ላይ 30 ረድፍ ተቆጠረ። ይህ የእናቴ እጅ ልክ ነው፤ የሌላ ሰው እጅ ጠበቅ ወይም ላላ ካለ ቁጥሩ ይለያል፤ ክሩ ከወፈረም ይለያል። በየሥራው አዲስ ናሙና የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ቤታችን 30 ቀለበት ነው፤ 30 ለ22 ተካፍሎ በ10 ሲባዛ 13.6 ሴንቲ ሜትር ስፋት። ቁመቱ 40 ረድፍ ነው፤ 40 ለ30 ተካፍሎ በ10 ሲባዛ 13.3 ሴንቲ ሜትር። አያችሁት? ደብተሩ ላይ ቁመቱ ከስፋቱ በሲሶ የሚበልጠው ቤት ሹራቡ ላይ ከስፋቱ እንኳ አነሰ። የ13.6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቤት ቁመቱ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆን ነበረበት። በአንድ ሴንቲ ሜትር 3 ረድፍ ስላለ 54 ረድፍ ማለት ነው። የጎደለብን 14 ረድፍ ነበር።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ንድፉን ከመጀመሪያው በካሬ ሳይሆን በጡብ ወረቀት ላይ መሣል ነው። ባዶ ወረቀት ላይ ወደ ጎን በየ4 ሚሊ ሜትሩ፣ ወደ ላይ በየ3 ሚሊ ሜትሩ መስመር ማስመር ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ የተሣለው ነገር ሹራቡ ላይ የሚታየውን ቅርጽ ከሞላ ጎደል ይይዛል። ማስመሩ ግን ያሰለቻል፤ አንድ ጊዜ አስምሮ ፎቶ ኮፒ ማብዛት ይሻላል።

ሁለተኛው፣ የተሣለ ንድፍ በእጃችሁ ካለ፣ በየ3ቱ ረድፍ አንዱን ደግሞ መሥራት ነው። 3ቱ 4 ይሆናሉ፤ 40ው ወደ 53 ያድጋል። እኛ ጊዜ ስለሌለን በዚህ ሄድን፤ አንድ ረድፍ ከመሠረቱ ጨምረን 54 ሞላን። ችግሩ፣ የተደገመው ረድፍ ተዳፋት መስመር ላይ ደረጃ ያወጣል። የቤቱ ጉልላት ደረጃ ደረጃ ሲሆን የዶርዜ ቤት መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ከደገምኩ በኋላ ጎንና ጎኑን በእርሳስ አስተካከልኩ። ዓይኖቹን ግን እንደገና ነው የሣልኳቸው። ክብ የሚመስል ዓይን 3 ቀለበት በ3 ረድፍ ከሆነ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ 3 ቀለበት በ4 ረድፍ ሲሆን ግን 13.6 በ13.3 ሚሊ ሜትር ስለሚመጣ ክብ ሆኖ ይታያል። ይቺን ሳገኝ የተሰማኝን ደስታ እዚህ ለመጻፍ አፍራለሁ።

ቅርጹ ተስተካከለ፤ መጠኑስ? ሥዕሉ ልጁን ማከል የለበትም፤ ጠፍቶም መቅረት የለበትም። እዚህ ላይ ልኬቱ የሚጀምረው ከሥዕሉ ሳይሆን ከልጁ ደረት ነው። ማሙሽ ደረቱ ዙሪያ 58 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እህቴ ለክታ በስልክ ነገረችን። ልጅ ከሥር ሸሚዝ ይለብሳል፣ ይሮጣል፣ ያድጋል፤ ስለዚህ 8 ሴንቲ ሜትር ጨመርን። 66 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ፣ የፊቱ ድርሻ 33። በአንድ ሴንቲ ሜትር 2.2 ቀለበት ስለሆነ 72.6 ይመጣል። 73 ማድረግ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ሥዕሉ 30 ሙሉ ቁጥር ስለሆነ 73 ላይ መሀል ሊሆን አይችልም፤ አንዱ ጎን በአንድ ቀለበት ይበልጣል። 72 ስናደርገው በግራ 21፣ በቀኝ 21 ቀረ። የሥዕሉ ስፋት ጎዶሎ ቁጥር ቢሆን የፊቱም ጎዶሎ ይሁን ማለት ነው።

ቁመቱን እናቴ ከትከሻ እስከ ታች 40 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 120 ረድፍ አደረገችው። ከታች 15 ረድፍ የሚለጠጠው ጠርዝ ነው። ከላይ የመጨረሻው 18 ረድፍ አንገቱ የሚቆረጥበት ነው። በመካከል የቀረው 87 ረድፍ ሲሆን የእኛ ቤት 54ቱን ይወስዳል። ታዲያ ቀሪውን 33 ረድፍ እንዴት እናከፋፍለው? እኔ ከላይም ከታችም እኩል ይሁን ብዬ ነበር። እናቴ ሳቀች። «ልጅ ሲቀመጥ ሆዱ ላይ ሹራቡ ይታጠፋል፤ ቤትህ ወገቡ ይሰበራል» አለችኝ። ልክ ናት። ሥዕል ደረት ላይ እንጂ ሆድ ላይ አይቀመጥም። ስለዚህ ከታች 24፣ ከላይ 9 ረድፍ ተውን። የቤቱ ጫፍ ከአንገቱ በታች 3 ሴንቲ ሜትር ላይ አለቀ። ብብቱ የሚቀነሰው በ75ኛው ረድፍ ላይ፣ ቤቱ ገና ሳያልቅ ነው። በየጎኑ 7 ቀለበት ቢቀነስም 14 ስለሚተርፍ ሥዕሉን አይነካውም፤ ይህ ግን አስቀድሞ መታየት አለበት።

ጎረቤቶቻችን «ተለቅ ቢል አያምርም?» ብለው ነበር፤ እኛም አሰብነው። 44 ቀለበት ብናደርገው ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ወደ 27 ሴንቲ ሜትር፣ 80 ረድፍ ይሆናል። ከጠርዙ ጀምሮ አንገቱ ሥር ይደርሳል። ልጁ ሹራብ የለበሰ ሳይሆን ቤት ውስጥ የገባ ይመስላል። የልጅ ደረት ደግሞ ክብ ነው፤ ሰፊ ሥዕል ጎንና ጎኑ ክንዱ ሥር ይደበቃል። በተቃራኒው 15 ቀለበት ብናደርገው 6.8 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ያኔ ዓይኑ ቀለበት ተኩል ይሆናል። ቀለበት ተኩል የሚባል ነገር ደግሞ የለም። አነስተኛውን መጠን የሚወስነው እንግዲህ በሥዕሉ ውስጥ ያለችው ትንሿ ነገር ናት። የእኛ ቤት ያለ ዓይኖቹ ተራ ጎጆ ነው።

ስለ ቀለም ባጭሩ ልናገር። የቤቱ ክር ቡኒ፣ መደቡ ሰማያዊ ነው። በአንድ ረድፍ ላይ ሁለቱን ክሮች ከኋላ እየጎተቱ መሥራት ለትንንሽ ጥለት ያገለግላል፤ ሥዕሉ 30 ቀለበት ሲሆን ግን ከጀርባው ረጅም ክር ይንጠለጠላል። ሕፃን እጁን ሲያስገባ ጣቱ እዚያ ውስጥ ይያዛል። ከ5 ቀለበት በላይ ክር እንዳይንጠለጠል ማድረግ ይሻላል። ስለዚህ እናቴ ለግራው መደብ አንድ፣ ለቤቱ አንድ፣ ለቀኙ መደብ አንድ ትንሽ ትንሽ ጥቅል አዘጋጀች። ቀለም በሚቀየርበት ቦታ ሁለቱን ክሮች አንድ ጊዜ ታጠማዝዛቸዋለች፤ ያለዚያ መጋጠሚያው ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ዓይኖቹንና የመግቢያውን ጥቁር ግን በሥራው ላይ አላስገባቻቸውም። ሹራቡ ካለቀ በኋላ በመስፊያ መርፌ የቀለበቱን መንገድ እየተከተለች ጠለፈቻቸው። ለሁለት ዓይን ሲባል ሁለት ተጨማሪ ጥቅል ማንጠልጠል አያዋጣም።

ለትልቅ ልጅ ሲሆንስ? ከጎረቤቶቻችን የአንዷ ልጅ 8 ዓመቱ ነው። የእሱ ሹራብ ፊት 38 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ በእኛ ክር 84 ቀለበት ማለት ነው። ያው የ30 ቀለበት ቤት እዚያ ላይ ትንሽ ይመስላል። እንደገና ሣልኩት። ሌላም መንገድ አለ፤ ንድፉን ሳይነኩ ክሩን ማወፈር። በ10 ሴንቲ ሜትር 18 ቀለበትና 24 ረድፍ በሚሰጥ ወፍራም ክር ያው ንድፍ 16.7 በ22.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቅርጹም ብዙ አይለወጥም። ወፍራሙ ክር ግን ዋጋው ጠንከር ይላል፣ ሹራቡም ይከብዳል። ለጨንቻ ይሆናል፤ ለአርባ ምንጭ አይታሰብም።

ሁለተኛው ሥራ 13 ምሽት ፈጀ። ጀርባውና እጅጌዎቹ ሲጨመሩ ሹራቡ ያለቀው መስከረም 15 ነው። በ16 ጠዋት ጠመዝማዛውን መንገድ ይዘን ወጣን። ማሙሽ ሹራቡን ለብሶ መጀመሪያ ያደረገው ነገር አገጩን ደረቱ ላይ አስደግፎ ወደ ታች ማየት ነበር። ከዚያ ፊቱን አኮማተረና «ተገልብጧል!» አለ። ለካ ለባሹ ሥዕሉን የሚያየው ከላይ ወደ ታች ነው! ይህንን ማንኛችንም አልለካነውም። እናቱ መስታወት ፊት አቆመችው። ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና ክንዱን እንደ ኩምቢ ዘርግቶ ወደ ጓሮ ሮጠ።

አሁን ታናሽ እህቱ በተራዋ አዞ ጠይቃለች፤ ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሄዳ አይታ ነው። አዞ ከቤት ይብሳል። ቁመቱ የርዝመቱ አንድ አምስተኛ ቢሆን እንኳ 40 ቀለበት ያለው አዞ 11 ረድፍ ብቻ ያገኛል። በ11 ረድፍ ውስጥ ጥርስ፣ ዓይንና አራት እግር የት ይገባል? ጭራውን ወደ ላይ አጥፌ፣ አፉን ከፍቼ እየሞከርኩ ነው። ናሙናው ተሠርቷል፤ ወረቀቱም በጡብ የተሰመረ ነው።